65 በመቶ ሰው

በጡረታ ሕጉ ስሌት ከእኔ የቀረው 65 በመቶ ነው። ሂሳቡን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የሠራሁት። 38 ዓመት ሂሳብ ያስተማረ ሰው በገዛ ጉዳዩ ሌላ ሂሳብ ሠሪ አይቀጥርም። ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት ከአማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ይጨመራል። 28 በ1.25 ሲባዛ 35፤ ድምር 65። ጣሪያው 70 ነው፤ እርሱን የሚነካው 42 ዓመት ያገለገለ ብቻ ነው። በ60 ዓመቱ «በቃዎት» የሚባል ሰው 42 ዓመት እንዲሞላለት በ18 ዓመቱ መቀጠር አለበት። እኔ በ18 ዓመቴ ገና ከአጎቴ በሬዎች ጋር እከራከር ነበር።

መንግሥትን አልወቅስም። ቢያንስ 65 ብሎ በቁጥር ነግሮኛል። የከተማዬ የትክል ድንጋይ ሰው ግን ስንት እንደቀረኝ ቁርጡን አይናገርም፤ በአድራጎቱ ነው የሚያስታውቀኝ። መንገዱ ሰላም ውሎ ወደ ጎንደር በሚኒባስ የወረድኩ ቀን ረዳቱ «ፋዘር፣ ጠጋ በል!» ይለኛል። አባትነቱንም ትእዛዙንም በአንድ ትንፋሽ ሰጠኝ። ይኼን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት አንዲት ተማሪ ከወንበሯ ብድግ ብላ «አባባ፣ ይቀመጡ» ስትለኝ ነው። ረዳቱ እኮ ጠጋ ማለት እንደምችል አምኖብኛል!

ድግስ ቤት ደግሞ ሌላ ነው። ከዳሱ አፍ ጀምሮ ሰው ሁሉ ይነሣልኛል፤ እጄን ይዘው ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ወደ ውስጥ፣ መጨረሻ ላይ ከግድግዳው ጥግ ያስቀምጡኛል። የክብር ቦታ ማለት መውጫ የሌለው ቦታ ነው። አንድ ብርሌ ጠጅ የቀመሰ የእኔ ዕድሜ ሰው ከዚያ ጥግ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ለመውጣት ሃያ ሰው ማስነሣት አለበት፤ ሃያውም ሰው ወዴት እንደምሄድ ያውቃል። ጥሬ ሥጋው ሲዞር ደግሞ አሳላፊው እኔ ጋ ሲደርስ እጁን ሰብሰብ ያደርግና «ለአባታችን ለስለስ ያለ አምጡላቸው» ይላል። ጥርሴን አልጠየቀኝም። ጥርሴ ደህና ነው።

እንዲህ ነው ነገሩ፦ መቀመጫው ይሰጥሃል፤ ከቁርጡ ላይ የመወሰን መብትህ ግን ይወሰድብሃል።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ አንድ ጎረቤቴ ገና ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኳ። ልጁ ሊያገባ ነውና ሽማግሌ ሆኜ እንድላክለት ነው። ትናንት «ይረፉ» የተባልኩ ሰው ዛሬ ለወግ ለማዕረግ ተፈለግሁ ብዬ ደስ አለኝ፤ ጋቢዬን አጣፍቼ ተነሣሁ። አራት ነበርን። ከሁላችን ታላቁ ሰማንያን ያለፉ አባት ናቸው፤ የአርማጭሆን ሰው ዘር ከነቅርንጫፉ በቃል ያውቁታል።

ሥርዓቱ መቼም ይታወቃል። የልጅቱ አባት «ግቡ፣ ተቀመጡ» ይላሉ፤ እኛ ደግሞ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» እንላለን። ይህን ሥርዓት ያወጣው ሰው የጉልበት ሕመም የማያውቅ እንደ ነበር እርግጠኛ ነኝ። ሽማግሌ ብለህ ከላክህ በኋላ ቁም ማለት ምን የሚሉት ነው? አባትየውም ሥራቸውን ያውቃሉና አይቸኩሉም። ስለ ዝናቡ ጠየቁን። ስለ ጤፉ ጠየቁን። በቀኝ በኩል የቆመው ጓደኛችን ቀስ በቀስ ወደ ግድግዳው መጠጋት ጀመረ።

በመጨረሻ ጉዳያችንን ተናገርን። «ልጅዎን ለልጃችን» አልን። አባትየው ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለው «እንግዲህ ከዘመድ ሳንመክር ምን እንመልሳለን፤ በሁለት ሳምንት ተመለሱ» አሉ። ደንቡ ነው፤ ሁለቴ ሦስቴ ሳይመላለሱ ልጅ አይሰጥም። ዐይኔን ከእርሳቸው ላይ ሳነሣ ግን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የሠርጉ የጥሪ ወረቀት ተደርድሮ አየሁ። በወርቅ ቀለም የታተመ ነው። የሙሽራው ስም አለ፤ የሙሽሪት ስም አለ፤ ጎንደር የሚገኘው አዳራሽም ተጽፏል፤ ቀኑም የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። በእኛ ላይ የተጣለው የሁለት ሳምንት ቀጠሮ አዳራሹን አይመለከተውም ማለት ነው። ጓዳው በር ላይ ደግሞ አንድ ጎረምሳ በስልኩ እየቀረጸን ነበር። ለሠርጉ ቪዲዮ መግቢያ መሆኑን ኋላ ሰማሁ።

ታላቁ አባት ግን ወረቀቱን አላዩም፤ ቢያዩም አያነቡትም። እርሳቸው የተላኩት ከልባቸው ነው። «መልካም» አሉና የልጅቱን ሴት አያት ስም ጠየቁ። ከዚያ ጣታቸውን እያጠፉ መቁጠር ጀመሩ። በእኛ አገር ሰባት ቤት ያልሞላው አይጋባም፤ ይኼን የሚቆጥር ሰው ደግሞ እያለቀ ነው፤ ዛሬ ሰባት ቤቱን ፈልጎ የሚያወጣ ስልክ ገና አልተሠራም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አሉ። አራት ላይ የወንዱን ቅድመ አያት ስም አነሡ፤ የልጅቱ እናት ከጓዳ ሳል አሰማች። አምስት ላይ የአንድ ቀበሌ ስም ጠሩ፤ አባትየው ቀና አሉ። ስድስት ላይ ሲደርሱ አንዱ ጓደኛችንን ሳል አፈነው፤ አጠገባቸው የቆመው ደግሞ እግራቸውን በቀስታ ረገጣቸው። እርሳቸው ዘወር ብለው የረገጣቸውን አዩት፤ ቴሌቪዥኑ ያለበትን አዩ፤ ካሜራውን አዩ። ጥቂት ዝም አሉ።

«ሰባት ሞልቷል» አሉ።

እስከ ዛሬ አንዱን ቅድመ አያት ሁለት ጊዜ ቆጥረውታል ብዬ እጠረጥራለሁ። ሙሽሮቹ ግን ደህና ናቸው፤ ወልደዋልም።

እኔን ያስከፋኝ መዋሸታቸው አይደለም። እንዲዋሹ የተገደዱት ዘግይተው ስለተጠየቁ ነው። ያ እውቀት ከአዳራሹ ቀብድ በፊት ቢፈለግ ኖሮ እውቀት ይሆን ነበር፤ ከቀብዱ በኋላ የመጣ እንደሆነ ግን እንደ ዳስ አበባ ለጌጥ ነው።

ለጌጥ የማይሆንበት ጉዳይም አለ። ደም ማድረቅ ነው። ወደ ቆላው ወረድ ስትል በመሬት ይሁን በአፍ እላፊ ሰው ይሞታል፤ ሟች ወንድም አለው፤ ወንድሙም መሣሪያ አለው። ፖሊስ ገዳዩን ያስራል እንጂ ቂሙን አያስርም። ያን ጊዜ የሽማግሌ ያለህ ይባላል። ካህን መስቀል ይዞ፣ ሽማግሌ ጋቢውን አጣፍቶ ወደ ሟች ቤተሰብ ይሄዳል፤ ይባረራል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይባረራል። የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ እስኪንበረከክ፣ ካሳው እስኪቆረጥ፣ ሁለቱ ወገን አንድ መሶብ እስኪቀርቡ ወራት ያልፋሉ። እንዲህ ያለ ነገር የመጣ እንደሆነ «ጉልበትዎን ያመዎታል፣ ይረፉ» የሚል አንድ ሰው አላገኘሁም። ቁልቁለቱን ሦስት ሰዓት በእግሬ ስወርድ ማንም ለስለስ ያለ ምግብ አይዝልኝም። ሞት ሲመጣ 65ነቴ ይረሳል፤ መቶ በመቶ እሆናለሁ።

የጎንደር ታሪክም ቢሆን ሽማግሌን በጌጥነት የማስቀመጥ ጥበብ አያንሰውም። በ1761 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ስሑል ንጉሥ ኢዮአስን ካስገደሉ በኋላ ከወኅኒ አምባ ሰባ ዓመት የሞላቸውን ሽማግሌ አውርደው ዳግማዊ ዮሐንስ ብለው አነገሡ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ዘውዱ ከሽማግሌው ራስ ላይ፣ ሥራው ከራስ ሚካኤል እጅ። ንጉሡ ግን ዕድሜያቸውን በአምባው ላይ የፈጁ ሰው ናቸውና ጦርነት እንሂድ ሲባሉ አልሄድም ብለው አለቀሱ። አምስት ወር ያህል ነግሠው ሞቱ፤ በመርዝ ነው ይባላል። የሚገርመው ያነገሧቸው ራስ ሚካኤል ራሳቸው ሰባውን ያለፉ፣ በእግራቸው የሚያነክሱ ሽማግሌ መሆናቸው ነው። ሁለት ሽማግሎች፤ አንዱ ጌጥ፣ አንዱ አስጌጭ። ልዩነቱ ዕድሜ አልነበረም።

በዕድሜ የማይቀነስበት አንድ ሥራ አውቃለሁ፤ እርሱም በዚያው በጎንደር ነው። በዓታ የአቋቋም ምስክር ቤት ነው፤ እዚያና በሌሎች አድባራት የሚያስተምሩ የኔታዎችን «60 ሞላዎት» የሚላቸው የለም። ዐይናቸው ቢደክም ዜማው በቃላቸው ነው፤ አልጋ ላይ ተጋድመው እንኳ ከደጅ አንድ ተማሪ አንዲት ምልክት ቢዘል ከውስጥ «ተመለስ!» ይሉታል። የጡረታ አበል የላቸውም፤ እውነት ነው። ግን ተማሪው ስለ ዜማው ሌላ ሰው ጠይቆ አይመለስም። እኔ አበሉ አለኝ፤ ስለ ክፍልፋይ የሚጠይቀኝ ግን የለም። የልጅ ልጄ ክፍልፋይ ሲቸግራት ስልኳን ታወጣለች፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ!

እዚያው ጎንደር በ1950ዎቹ አጋማሽ የያሬድን ዜማ ለማጥናት የተቀመጡት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩስ? ፒያኗቸውን ዓለም በስፋት የሰማው በፈረንጆች 2006 ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ አልበም ሲወጣ ነው፤ ሰማንያን ካለፉ በኋላ። ያረፉት በ99 ዓመታቸው ነው። በ60 ዓመታቸው ተሰናብተው ቢሆን ኖሮ የሚያውቋቸው ዘመዶቻቸው ብቻ በሆኑ ነበር።

በቀደም ጉልበቴን ልታከም ሐኪም ቤት ከልጄ ጋር ሄድኩ። ሐኪሟ ጨዋ ልጅ ናት፤ ተነሥታ ነው የተቀበለችኝ። ከተቀመጥኩ በኋላ ግን ፊቷን ወደ ልጄ አዞረች። «ይተኛሉ?» አለችው። «ይበላሉ?» «ሽንት ላይስ?» ልጄም ሲመልስ ነበር! ሌሊት እኔ መኝታ ቤት የሚያድር ይመስል። አራተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ ብዬ አፌን ስከፍት ሁለቱም በፈገግታ አዩኝ፤ ሕፃን «እኔም ልናገር» ሲል የሚታይበትን ዐይነት። በመጨረሻ «የዕድሜ ነገር ነው» ተባልኩ። ይኼንንም የተባለው ልጄ ነው።

ዓለም ለአረጋውያን ቀን ሰጥቷል አሉ። የተባበሩት መንግሥታት በ1990 እንደ ፈረንጆች የወሰነው ጥቅምት አንዳቸውን ነው፤ እርሱ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21 ይውላል። መስከረም 21 ደግሞ ግሸን ማርያም ናት። ስለዚህ በዓሉ ሲከበር አረጋውያኑ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ አዳራሹ ውስጥ ስለ እኛ የሚመክሩት ወጣቶች ናቸው። ጃፓኖች በዚህ ይሻላሉ፤ መቶ ዓመት ለሞላው ሰው የብር ጽዋ ይሰጡ ነበር። በፈረንጆች 1963 ሲጀምሩት መቶ የሞላቸው 153 ብቻ ነበሩ። ሽማግሎቹ ግን ሞትን እንቢ አሉ፤ አሁን ከ90 ሺህ በላይ ሆነዋል። መንግሥት መጀመሪያ ጽዋውን አሳነሰ፤ በ2016 ደግሞ ብሩን ትቶ በብር የተለበጠ አደረገው። ክብርም በጀት አለው። በእኛ እድር ገንዘብ ያዡ ጤናዬን ሲጠይቀኝ ከልቡ መሆኑን የማውቀው ለዚህ ነው፤ «ደህና ነኝ» ስለው ፊቱ ላይ የሚታየው እፎይታ የወዳጅ ብቻ አይደለም።

ከእማሆይ በቀር የተናገርኩት ሁሉ ስለ ወንዱ ነው፤ ሽምግልናውም ጋቢውም የእኛ ነው። ባልቴቶቹን ማንም ልኮ አያቆማቸውም። ምናልባት ለዚያ ይሆናል ሥራቸውን የሚቀማቸው የታጣው። ሰፈራችን በርበሬና ጌሾ የሚሸጡ እናት አሉ። የተወለዱት ጣልያን ጎንደርን በለቀቀ ዓመት ነው። ለፋይዳ መታወቂያ ሲመዘገቡ መዝጋቢው ልጅ «ጣልያን የወጣው በ33 ነው» ብሎ 1933 ጻፈባቸው። እርሳቸው ተቆጡ፤ ትክክልም ናቸው፤ አዲስ አበባ በ33 ነጻ ብትወጣም ጎንደር ያለው ጣልያን እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ነው። «ያልኖርሁትን ዓመት ምን አድርጌህ ትጭንብኛለህ?» ብለው እስኪያስተካክል ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ጎንደር ያለው ልጃቸው «እናቴ፣ ይረፉ» ይላቸዋል፤ በየወሩም ይልካል። የሚልከውን በርበሬ ይገዙበታል። በቀደም ገበያ ቀን ሰላም ልላቸው ጠጋ ብዬ ነበር። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «አንተ ልጅ፣ እጅህ ባዶ ነው፤ ይችን ኬሻ አንሣልኝ» አሉኝ። ጉልበቴን ላስረዳ ፈለግሁ፤ አፈርኩ። ኬሻዋን ተሸክሜ እስከ ቤታቸው ደረስኩ። ፊት ፊት እየሄዱ ሁለት ጊዜ ዞረው «ምነው ተንቀረፈፍህ?» አሉኝ። ለጌሾውም አንድ ብር አልቀነሱልኝም።