ጅቡቲ ተቀምጦ ፍኖተ ሰላም ማረስ

ስለ ርቀት ሥራ የሚጻፍ ጽሑፍ ሁሉ ሥዕሉ አንድ ነው፦ ባሕር ዳርቻ፣ ዘንባባ፣ ላፕቶፕ፣ ቁምጣ የለበሰ ጎልማሳ። አለቃው ቀዝቃዛ አገር ነው፤ ሠራተኛው ሞቃት ወደብ ላይ። ይህ ጥናት ባሕሩንና ሙቀቱን ሳያቅማማ ይቀበላል። የአለቃውና የሠራተኛው ቦታ ግን ተገላቢጦሽ መሆኑን ያስረዳል። በቁምጣው ላይም ብርቱ ተቃውሞ አለው።

ተጠኚው የምዕራብ ጎጃም ሰው ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ ወይም ከቡሬ። ተወልዶ ያደገው ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ግድም ላይ ሲሆን አሁን የሚኖረው ከባሕሩ ጋር እኩል ሆኖ ነው። በመካከሉ በአዲስ አበባ፣ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ የሚዞር ወደ 1,300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አለ። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ከፊሉ ግንባታ ላይ ይውላል፤ ከፊሉ ወደብ ላይ ይሸከማል፤ ከፊሉ ፒኬ 12 በሚባለው ሠፈር መኪናውን አቁሞ የጭነት ተራ የሚጠብቅ የተሳቢ ሹፌር ነው። ሥራው ምንም ይሁን ምን፣ ኑሮው ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፦ «ለጊዜው ነው»። የዚህ ጊዜ ርዝመት በዘርፉ ሊቃውንት ገና አልተለካም።

በመጀመሪያ የአልባሳት ጉዳይ። የጎጃም ገበሬ በሐምሌ ዝናብና ጭቃ አረንጓዴ ቁምጣውን ታጥቆ እርሻ ይወርዳል። ጉልበቱ ብርድ አያውቅም። ይኸው ሰው ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባት ጅቡቲ ሲደርስ ቁምጣውን አውልቆ ወፍራም ጂንስ ይለብሳል። ለምን ሲባል «ከተማ ነዋ» ይላል። ለሞቃት ወደብ የተሰፋ የሚመስል ልብስ ይዞ፣ ወደቡ ሲደርስ ብቻ የሚያወልቀው ሌላ ሕዝብ አላገኘንም፤ አጥብቀንም አልፈለግንም። ጋቢው ግን አብሮት ይሄዳል፤ እናት የሰጠችው ጋቢ ቤት አይቀርም። እዚያ ተጣጥፎ ትራስ ይሆናል። ወባ የተነሳበት ቀን ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል። ኻምሲን የሚሉት አቧራ ያዘለ ትኩስ ነፋስ ሲመጣ ደግሞ መስኮት ላይ ይሰቀላል።

ቀጥሎ የቀን መቁጠሪያ። የጅቡቲ የዕረፍት ቀን ዓርብ ነው። ተጠኚው ሳምንቱን ሙሉ ደክሞ፣ ጊዜም ገንዘብም አግኝቶ ሥጋ የሚበላበት ቀን ጾም ሆኖ ይጠብቀዋል። ቤተ ክርስቲያን የሚስምበት እሑድ ደግሞ ሥራ ነው። በሁለት ሃይማኖትና በአንድ አሠሪ መካከል የተያዘ ሰው የሚበላው ሽሮ ነው።

ከቀትር በኋላ ከኢትዮጵያ በየዕለቱ የሚሄደው ጫት ሲገባ ከተማው ሱቁን ይዘጋል። ተጠኚው በዚህ ሰዓት ከቬንቲሌተሩ ሥር ጋደም ይልና ስልኩን ያወጣል። የርቀት ሥራው እዚህ ላይ ይጀምራል።

መሥሪያ ቤቱ ፍራሹ ነው፤ የመገናኛ ሥርዓቱ ኢሞ። በሥሩ የሚተዳደሩት አንድ ታናሽ ወንድም፣ አንድ ጥማድ በሬ፣ የእኩል የተሰጠ ማሳ፣ የበርበሬ መደብ፣ የእህት ሠርግና የዕድር መዋጮ ናቸው። ድንበር የገፋ ጎረቤት ካለ ሽማግሌ የሚላከው ከጅቡቲ ነው። ስብሰባው የሚከፈተው በሰላምታ ነው፤ ሰላምታውም ሰውን ጨርሶ ወደ ከብቱ፣ ከከብቱ ወደ ዝናቡ ይሻገራል። የዓለም ኩባንያዎች ስብሰባ አላጥር ብሏቸው ሲቸገሩ፣ እዚህ ያጠረ ስብሰባ ጠብ እንደገባ ይቆጠራል። ዋናው አጀንዳ ሲደርስ ቃለ ጉባኤው ይህን ይመስላል፦

— በቆሎው እንዴት ነው?

— ደህና ነው አያ።

— ዩሪያ ጨመራችሁለት?

— የለማ። ማኅበሩ አልገባም ይላል።

— እንዴት አልገባም? ዛሬ ጠዋት ጭነነው!

— እንግዲህ እዚህ አልደረሰም አያ።

ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ ለጥናታችን ከባዱ ግኝት ይህ ነው። የኢትዮጵያ ማዳበሪያ በአብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ ነው። በመርከብ በጅምላ ይመጣል፤ ወደቡ ላይ በ50 ኪሎ ከረጢት ይሞላል፤ ይሰፋል፤ ይጫናል። ከዚያ መጋዘን፣ ከመጋዘን ዩኒየን፣ ከዩኒየን መሠረታዊ ማኅበር፣ ከማኅበሩ ቀበሌ፣ ከቀበሌው ስም ዝርዝር። ወንድምየው የቆመው ስም ዝርዝሩ ላይ ነው፤ «አያ» የተባለው ታላቅየው የቆመው መርከቡ ሥር። የአንድ ማሳ ሁለት ባለቤቶች፣ አንደኛው ከረጢቱን በትከሻው ተሸክሞት፣ ሌላው ተሰልፎ ሲጠብቀው ከማየት የበለጠ የአስተዳደር ትምህርት የለም፤ የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ግን አያስተምረውም። በነገራችን ላይ የማሳው አፈር ጉዞ ከዚህ ይቀላል። ክረምት ሲገባ በብርና በፈጠም ወንዞች ወርዶ አባይ ይገባና ያለ ዩኒየን፣ ያለ ዝርዝር፣ ያለ ተራ ወደ ሱዳን ይሄዳል። አሁን አሁን ሕዳሴው ግድብ ላይ ያርፋል እንጂ። ምዕራብ ጎጃም አፈሩን በምዕራብ በር ሸኝቶ ማካካሻውን በምሥራቅ በር የሚያስገባ አካባቢ ነው፤ የምሥራቁ በር ብቻ ወረፋ አለው።

ስለ ደመወዙም ጥቂት እንበል። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ለአንድ ዶላር 177.721 ሆኖ ፈቀቅ አላለም። ብሩ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀና ዶላሩ ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ተጠኚው ከፍራሹ ሳይነሳ ባለጸጋ ሆነ፤ አገር ቤትም የዚያኑ ዕለት ሰማ። ከዚያ ሳምንት ወዲህ የዘመዱ ቁጥር በጥናቱ መሣሪያዎች ሊቆጠር አልቻለም። ማዳበሪያውም በዶላር የሚገዛ ስለሆነ ደስታውን የቀነሰው ራሱ የተሸከመው ከረጢት ነበር።

አስቸጋሪው ክፍል የመመሪያው አፈጻጸም ነው። ተጠኚው የሚያስተዳድር ይመስለዋል፤ ያዛል፣ ይከለክላል፣ ይቆጣል። ወንድምየውም «እሺ አያ» ይላል። ይህ «እሺ» በአካባቢው መስማትን እንጂ ሌላ የሚያመለክት አይደለም። ናሙና እንውሰድ። ቀዩ በሬ እንዳይሸጥ ጥብቅ ትእዛዝ ከጅቡቲ ተላለፈ። «እሺ አያ፤ ይቆራረጣል፤ አይሰማኝም፤ ኔትወርክ—»። ኔትወርኩ የተመለሰው ገበያው ከተበተነ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ በሬው በሌላ ሰው በረት አድሯል፤ ገንዘቡ ከፊሉ ለእዳ፣ ከፊሉ ለሠርግ ድንኳን ወጥቷል። አያ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ስንት ብር እንደተሸጠ ጠየቀ፤ «ከዚህ ዋጋ በታች እንዳይሸጥ» ሲል መመሪያ ሰጠ፤ ወንድምየውም «እሺ አያ» አለ።