ሙግት ድሮ ቀረ

የዛሬ ሰው መጣላት እንጂ መሟገት አያውቅም። በልሃ ልበልሃ የሚባለውን ያየ ሰው የአሁኑን ጩኸት ሙግት ብሎ አይጠራውም። ሰውዬው ኩታውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ጨብጦ ይነሳና «ተጠየቅ» ብሎ ነገሩን በግጥም ያወርደዋል። ባላጋራው ቢያርም ቢቆጣም እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ አፍ መንጠቅ ነውር ነበራ! እረታለሁ ያለ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳል፣ የተረታውም ውርርዱን ለዳኛው ያገባል። (ዳኛው ማር ይወድ እንደነበር አልክድም።) ፌስቡክ ላይ የሚሳደበው ሁሉ ለእያንዳንዱ ቃሉ አንድ ጋን ማር ቢያሲዝ አገሩ እንዴት ዝም ባለ!

ዳኛ ራቀኝ ማለትም የለም። መንገደኛውን አቁመህ «ፍረደን» ትለዋለህ፤ ምስኪኑ ገበያው ይፈታበታል እንጂ አልሰማም ብሎ አያልፍም። ነገሩ ከከበደ እስከ አፈ ንጉሥ ችሎት ይዘልቃል። እስከዚያው ከባላጋራህ ጋር ነጠላችሁ ጫፍና ጫፉ ተቋጥሮ ቁራኛ ናችሁ፤ ሲሄድ ትሄዳለህ፣ ሲተኛ ትተኛለህ፣ ሲያንኮራፋም ትሰማለህ። እኔ የደረስኩት ጭራው ላይ ነው። በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጣ፣ ነገርም ወረቀት ሆነ። አንደበተ ርቱዕ የነበረው ሁሉ ራፖር ጸሐፊ ፊት ተቀምጦ «በትሕትና አመለክታለሁ» ማስባል ጀመረ። ሙግትና ትሕትና ምን አገናኛቸው?

ወረቀቱስ በስንት ጣዕሙ! ዘንድሮ አንድ ጎረቤቴ፣ ልጄ የሚሆን ጎረምሳ፣ የጣሪያውን አሸንዳ ወደ ግቢዬ አዙሮ ክረምቱን ሲያጥበኝ ከረመ። «ና እስቲ እንነጋገር» ብለው «አባባ፣ በቴሌግራም ይጻፉልኝ» አይለኝም? እንካችሁ! የልጅ ልጄን ለምኜ አጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ አንዲት ቢጫ ጭንቅላት ናት፣ ያውም የምትስቅ። እንደገና ባስጽፍ ልጁ ስልኩን አየት አድርጎ «አባባ፣ ብሎክ አድርጎዎታል» አለኝ። ምን ማለት ነው ብለው፣ ከእንግዲህ የምጽፈው አይደርሰውም አለ። የተከሰሰው ሰውዬ ራሱ ችሎቱን ዘጋው ማለት ነው!

«በሌላ ስም ልክፈትልዎት?» አለኝ ልጁ፤ የሴት ስም ይሻላል፣ ቶሎ ይመልሳል አለ። በአያት በቅድመ አያቴ እንዲህ ያለ ሞጋች አልተሰማም። ተቆጣሁ፣ ገሠጽኩት፤ በመስኮቱ አሸንዳውን አየሁት፣ እንደ ጉድ ይወርዳል።

«ክፈት» አልኩት።