ተጫዋች ሲለወጥ በወጉ ለመሳሳት

ከሁሉ በፊት ይቸኩሉ። የሚወዱት ተጫዋች ተላልፎ መሰጠቱ ስልክዎ ላይ ብልጭ ካለበት ጊዜ አንስቶ በምትኩ እነማን እንደመጡ እስኪታወቅ ድረስ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃዎች አሉ። እነዚያን ደቂቃዎች አያባክኑ። ሙሉውን ሰምቶ መናደድማ ማንም ይችላል፤ ሙያው ሳይሰሙ መናደዱ ላይ ነው። አበው «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» ያሉት ሊነቅፉ ነበር፤ እርስዎ ግን እንደ ሥራ መመሪያ ይያዙት።

ቤዝቦልን ዘግይተው ለተዋወቁት፣ ለምሳሌ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ይዘውት ስለመጡ ብቻ የዋሽንግተን ናሽናልስን ኮፍያ ለደፉ የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ወላጆች፣ የነገሩን አካሄድ ባጭሩ ላስረዳ። በአርሰናልና በማንቸስተር ወሬ ያደገ ሰው ዝውውር ሲባል የሚታየው የፓውንድ ክምር ነው። እዚህ ግን ቡድኖች በአብዛኛው ሰው በሰው ይለዋወጣሉ፤ ያውም ውድድሩ ሳያልቅ። አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ አለበት፤ መቶ ያህሉን ተጫውቶ ተስፋው የተሟጠጠበት ኮከቡን ያወጣል፣ ዋንጫ የሸተተው ደግሞ በታችኛው ሊግ የሚያሳድጋቸውን ልጆች ያወጣል። በጁላይ መጨረሻ ወይም በኦገስት መባቻ በሩ ይዘጋል። አንዱ ዛሬን፣ ሌላው ነገን ገዝቶ ቤቱ ይገባል። እርስዎ ሁለቱንም በዚያው ምሽት ይጠይቁ።

ዓይንዎን ከሄደው ላይ አይንቀሉ። ለዚህ ልምምድ ከኦገስት 2 ቀን 2022 የተሻለ ቀን አይገኝም (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዕለት ዋሽንግተን ሁዋን ሶቶን ለሳንዲያጎ ፓድሬስ አሳልፎ ሰጠ። ሶቶ ገና 23 ዓመቱ ነበር። በ2019 ናሽናልስ የሂዩስተን አስትሮስን በሰባት ጨዋታ ረትቶ የዓመቱን ዋንጫ፣ ወርልድ ሲሪስን ሲያሸንፍ፣ ልጁ 21ኛ ዓመቱን የደፈነው በዚያው ፍልሚያ መሐል ነው። ከመሄዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ለ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር ቀርቦለት አልፈልግም ማለቱ ተሰማ። እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ «ይህን ያህል ገንዘብ የገፋ ስግብግብ» ይላሉ፣ ወይ «ባለቤቶቹ ቋጣሪዎች ናቸው» ይላሉ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ማለት የቻለ ግን የበሰለ ደጋፊ ነው። በዲሴምበር 2024 ኒውዮርክ ሜትስ ያንኑ ሰው ለ15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ዶላር ማስፈረሙን አያንሱ። ሒሳብ ቁጣ ያበርዳል።

በሶቶና አብሮት በሄደው በጆሽ ቤል ምትክ የመጡት ስድስት ነበሩ። ስማቸውን አያጥኑ። «እነማን ናቸው?» የሚለውን እንደ ጥያቄ ሳይሆን እንደ ስድብ ይጠቀሙበት፤ እርስዎ የማያውቁት ልጅ ችሎታ የለውም። ከስድስቱ አንዱ ጄምስ ውድ የሚባል የ19 ዓመት መለሎ ነበር፤ የተወለደው እዚያው ሜሪላንድ፣ ሮክቪል፣ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው አስቤዛ ለመግዛት ብቅ የሚልበት ቦታ ነው። የጎረቤትዎን ልጅ «ከየት የተለቀመ ነው?» ብሎ መጠየቅ ከስህተቶች ሁሉ የተዋጣለት ነውና እንዳያመልጥዎ። ሲጄ ኤብራምስ በ2024፣ ውድና ማኬንዚ ጎር በ2025 ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጠዋል።

ይህን እየቆጠረ የሚሞግትዎ ሰው ቢመጣ መልስ አያጡም። ናሽናልስ በ2022 107 ጊዜ ተሸንፎ ከሊጉ ሁሉ መጨረሻ ወጣ፤ በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታትም ቀና አላለም፤ ልውውጡን የፈጸመው ሥራ አስኪያጅ ማይክ ሪዞም በጁላይ 2025 ከአሰልጣኙ ጋር አብሮ ተባረረ። ልጆቹ ጎበዞች ሆኑ፣ ቡድኑ ግን አልዳነም። ለመሳሳት ቆርጦ ለተነሳ ሰው ከዚህ የከፋ መከራ የለም፤ በየትኛውም ወገን ቢቆም ግማሹን ልክ ይሆናል። ሳንዲያጎስ? በዚያው ዓመት 111 ጨዋታ ያሸነፈውን ሎስ አንጀለስ ዶጀርስን ጥሎ ለናሽናል ሊግ ፍጻሜ ደረሰ፣ በፊላዴልፊያ ተረታ፤ በዲሴምበር 2023 ሶቶን እሱም በተራው ለያንኪስ ሰጠው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ለዋሽንግተንም ለሳንዲያጎም እኩል ይሆናል። ስለዚህ ይተርቱ፤ ማንን እንደሆነ ግን አይናገሩ።

(አንድ ነገር ከምር ያስቀይማል። መጀመሪያ በተቆረጠው ስምምነት ኤሪክ ሆዝመር ወደ ዋሽንግተን ሊመጣ ነበር። ውሉ አንዳንድ ቡድኖችን እምቢ የማለት መብት ስለሰጠው አልሄድም አለ፤ እሱ ቦስተን ገባ፣ በቦታው ሉክ ቮይት መጣ። ኮከቡም ሄዶ፣ ምትኩም ተጠይፎ! በዚህኛው እንደልብዎ ይቆጡ።)

ለትልቁ ስም እያለቀሱ ትንሹን አለማየት ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በዚህ ቦስተኖችን የሚያህል አላየሁም። ጁላይ 31 ቀን 2004 ሬድ ሶክስ ኖማር ጋርሲያፓራን ወደ ቺካጎ ከብስ ላከ። ኖማር በ1999ና በ2000 በመምታት አማካይ የአሜሪካን ሊግ ቁንጮ የነበረ፣ የከተማው ሰው በስሙ መጨረሻ ያለውን «ር» ውጦ እንደ ወንድሙ የሚጠራው ልጅ ነበር። አራት ቡድኖች በተጠላለፉበት በዚያ ልውውጥ ቦስተን ያገኘው ኦርላንዶ ካብሬራንና ዳግ ሚንኬቪችን ነው፤ የኋለኛው ስሙ በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ ለመናደድ ብቻውን በቂ ነው። ፈራሚው ሥራ አስኪያጅ ቲዮ ኤፕስቲን 30 ዓመቱ ነበር፤ ዕድሜውም ለስድብ አመቺ ነበር።

በዚያው ቀን፣ ከዚያ ሁሉ ዋይታ ጀርባ፣ ቦስተን ዴቭ ሮበርትስ የሚባል ፈጣን ሯጭ ከዶጀርስ አመጣ። ማን ልብ አለው? በኦክቶበር ሬድ ሶክስ በያንኪስ 3 ለ0 ሲመራ፣ በአራተኛው ጨዋታ ዘጠነኛ ኢኒንግም 4 ለ3 ተበልጦ ሊሰናበት ሲል፣ ሜዳው ላይ ኳስ የሚወረውረው ማሪያኖ ሪቬራ፣ ማለትም ጨዋታ በመዝጋት ወደር ያልተገኘለት የያንኪስ ሰው ነበር። ሮበርትስ ሌላ ሯጭ ተክቶ ገባ። ኳሱ ሳይመታ ሮጦ ሁለተኛውን ቤዝ ሊሰርቅ እንደሆነ ስታዲየሙ ሁሉ፣ ሪቬራም ጭምር ያውቅ ነበር። ሰረቀ። ነጥብ ሆኖ ገባ። ቦስተን ያን ጨዋታና ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስቱን አሸነፈ፤ ከ1918 ወዲህ አይቶት የማያውቀውን ዋንጫም ወሰደ። ለኖማር የፈሰሰው እንባ ስህተት ነበር ብዬ አላምንም፤ ሰው የሚወደውን ሲያጣ ማልቀስ ወጉ ነው። የተሳሳቱት ልቅሶውን ወደ ትንቢት የቀየሩቱ ናቸው። እርስዎ ይቀይሩት። «ይህ ቡድን አበቃለት» ማለትዎን የሚያስታውስ ሰው ቢኖር እንኳ በኦክቶበር አብሮዎት እየጨፈረ ነው።

ደስታም እንደ ቁጣ መቸኮል አለበት። ጁን 15 ቀን 1964፣ ያኔ በሩ የሚዘጋው በዚያ ቀን ነበር፣ ከብስ ገና 25 ያልሞላውን ሉ ብሮክን ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ሰጥቶ ኧርኒ ብሮግሊዮን ወሰደ። ብሮግሊዮ በቀደመው ዓመት 18 ጨዋታ ያሸነፈ ወርዋሪ ነው፤ ብሮክ ደግሞ ፈጣን እንጂ ገና ያልተገራ ልጅ። ቺካጎ ጎረቤቷን ያታለለች መሰላት፣ ጋዜጦቿም አብረው ፈነደቁ። ብሮክ በቀሪዎቹ ወራት በ.348 አማካይ መታ፣ ካርዲናልስ በዚያው መኸር ያንኪስን ረትቶ ዋንጫ በላ፤ ልጁ ጡረታ ሲወጣ የሰረቃቸው ቤዞች 938 ደርሰው ነበር። የብሮግሊዮ ክርን ግን ታሞ ነበር። ለከብስ ያሸነፈው 7 ጨዋታ፣ የተሸነፈው 19 ነው። እስከ ዛሬ ኪሳራው የከፋ ልውውጥ በሁለቱ ሰዎች ስም ይጠራል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የመጣልዎ ወርዋሪ ክርኑ እንዴት እንደሆነ አይጠይቁ። በደስታ መሐል ክርን የሚጠይቅ ሰው ማንም አጠገቡ መቀመጥ አይፈልግም።

የፍርዱን ቀን ራስዎ ይምረጡ፤ ከተቻለ ደጋግመው ይቀያይሩት። ዲትሮይት ታይገርስ በኦገስት 1987 የ36 ዓመቱን ወርዋሪ ዶይል አሌክሳንደርን ከአትላንታ አመጣ። ሰውየው 9 ጨዋታ አሸነፈ፣ አንድም አልተሸነፈ፤ ዲትሮይትም ቶሮንቶን በሁለት ጨዋታ ልዩነት ቀድሞ ምድቡን ወሰደ፤ ከዚያ በሚኒሶታ ወደቀ። የሰጠው የሚሺጋኑን ተወላጅ፣ የ20 ዓመቱን ጆን ስሞልትዝን ነው። ስሞልትዝ ከአትላንታ ጋር የ1995ን ዋንጫ አነሳ፣ በ2015 የዝና አዳራሽ ገባ። በሴፕቴምበር 1987 የፈረደ ሰው ዲትሮይትን ሊቅ ይላታል፣ በ2015 የፈረደ ሞኝ ይላታል። እኔን ከጠየቁኝ በዚያ ሴፕቴምበር ስታዲየም ገብቶ የጮኸ ሰው ደስታውን ማንም መልስ ሊለው አይችልም። ግን እኔን አይጠይቁኝ፤ የሚያሸንፍዎትን ቀን ይዘው ይቀመጡ። ችኩል ፍርድ ያመለጠዎት እንደሆነም አይጨነቁ። ዋይት ሶክስ በጁን 2016 ፈርናንዶ ታቲስ ጁኒየርን ለሳንዲያጎ ሲሰጥ ልጁ 17 ዓመቱ ነበር፣ አንድም የፕሮፌሽናል ጨዋታ አላደረገም። ዛሬ ተነስተው «እኔማ ያኔውኑ ብያለሁ» ቢሉ ማን ያጣራል?

አሁን ወደ ራሱ ተጫዋቹ እንምጣ። ከሃዲ ይበሉት። አልሄድም ማለት የሚችለው ወይ በውሉ ያስጻፈ ነው፣ ወይ አሥር ዓመት በሊጉ ቆይቶ የመጨረሻዎቹን አምስቱን በአንድ ቡድን ያሳለፈ ነው፤ የቀረው ሂድ ሲባል ይሄዳል፤ ሚስትና ልጆቹ፣ የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት በኋላ ይታሰባሉ። ይህን ማወቅ ለስድብ እንቅፋት ነውና ይርሱት።

በተለይ የኒውዮርክ ሜትስን ደጋፊዎች አይከተሉ። ጁላይ 29 ቀን 2015 ማታ፣ ጨዋታው እየተካሄደ፣ ዊልመር ፍሎሬስ ለሚልዋኪ መሰጠቱ በስታዲየሙ ስልኮች ሁሉ ላይ ወጣ። ተመልካቹ ያውቃል፣ ቤቱ የተቀመጠውም ያውቃል፤ ሜዳ ውስጥ የቆመው ፍሎሬስ ብቻ አያውቅም። ሊመታ ሲመጣ ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት። ምክንያቱን ሲሰማ ወደ ቦታው ተመልሶ በካሜራ ፊት ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ አለቀሰ። ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ከሜትስ ሌላ ቡድን የማያውቅ የቬኔዝዌላ ልጅ ነበር። ኋላ በሕክምና ምርመራ ሰበብ ስምምነቱ ፈረሰና ፍሎሬስ የትም አልሄደም። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በ12ኛው ኢኒንግ፣ ጨዋታውን የቋጨ ሆም ራን መታ፤ የተመታበትም የእኛው ዋሽንግተን ነው። ሜትስ በዚያ ዓመት ለወርልድ ሲሪስ ደረሰ። እነዚያ ደጋፊዎች ቸኩለው፣ ያልተፈጸመ ልውውጥ አምነው፣ ሁሉንም ነገር ተሳስተው ሳለ ያጨበጨቡት ማጨብጨብ ግን ልክ ሆኖ ቀረ። እንዲህ ያለ አደጋ እንዳይደርስብዎ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ያኑሩ።

ተጫዋቹ የቱ ጋ እንዳለ እርግጠኛ አይሁኑ። ኦገስት 4 ቀን 1982 ጆኤል ያንግብለድ ቀን ቺካጎ ላይ ለሜትስ መታ፤ ጨዋታው መሐል ለሞንትሪያል መሰጠቱ ተነገረው፣ ረስቶት የወጣውን ጓንት ተመልሶ አነሳ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ ፊላዴልፊያ ደረሰና ማታ ለሞንትሪያል መታ። ዳኒ ጃንሰን ደግሞ ባሰ። በጁን 2024 ለቶሮንቶ፣ በቦስተን ላይ ሊመታ ቆሞ ሳለ ዝናብ ጨዋታውን አቋረጠው፤ በጁላይ ራሱ ለቦስተን ተሰጠ፤ በኦገስት 26 ጨዋታው ካቆመበት ሲቀጥል ጃንሰን ለቦስተን ካቸር ሆኖ ከመቺው ጀርባ ተቀምጧል። በትልቁ ሊግ ታሪክ በአንድ ጨዋታ ለሁለቱም ቡድን የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እንዲህ ያለውን ሰው በየትኛው ኢኒንግ ከሃዲ እንደሚሉት እስኪወስኑ ጨዋታው ያልቃል።

የመጨረሻው ማልያውን የሚመለከት ነው። ይጣሉት፣ ይቅደዱት፣ እሳት ላይ ይወርውሩት፤ በተለይ እንደ ጆሽ ቤል ያለውን፣ በሶቶ ልቅሶ መሐል ማንም ስሙን ያላነሳለትን። ቤል ከዋሽንግተን ከሄደ በኋላ በየቡድኑ ዞሮ፣ ለ2025 ውድድር ተመልሶ ከናሽናልስ ጋር ፈረመ። በ2022 ያቃጠሉ ሰዎች በዚያ ጸደይ ሱቁ በር ላይ ነበሩ።