የታሪክ ውይይትን ከበርበሬ በረንዳ እስከ ሸማ ተራ ስለ ማዳመጥ

የአገራችን የታሪክ ጥናት ብዙ የሚጎድለው ነገር እንዳለ ምሁራን ደጋግመው ይናገራሉ፤ በተለይ ሦስት ሆነው ስቱዲዮ ሲገቡ። ስለ ሰነድ እጥረት፣ ስለ አፈ ታሪክ መብዛት፣ ስለ ፖለቲካ ጣልቃ ገብነት ሲያወሩ ሰዓቱ ያልቃል። ያን ሁሉ የሰማው ሰው ምን ሰማ የሚለውን ጥያቄ ግን ማንም አንስቶት አያውቅም። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ክፍተቱን ለመሙላት ነው። የጥናቱ ወሰን አዲስ ከተማ፣ መርካቶ፣ ከበርበሬ በረንዳ ተነስቶ በምናለሽ ተራ ዞሮ ሸማ ተራ የሚደርሰው መንገድ ሲሆን፣ በርበሬ ወደ ሸማ ተራ ለምን እንደሚሄድ መመርመር ከዓላማችን ውጭ ነው። የምንከራከርለት ሐሳብ ይህ ነው፦ በራዲዮ የሚተላለፍን የምሁራን የታሪክ ውይይት በትክክል የሚሰማው ጆንያ ተሸክሞ በሱቆቹ መሐል የሚያልፈው ሰው ነው፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚከታተለው አድማጭ ግን ታሪክ እንዴት እንደሚገኝ ሳያውቅ ይቀራል።

በመጀመሪያ የውይይቱን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። ስልቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ቢቢሲ ራዲዮ 4 እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ «ኢን አወር ታይም» በተባለው ዝግጅቱ ሦስት ሦስት ምሁራንን እያስቀመጠ፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ አንድ ዘመን ያስጨርሳል፤ ለረጅም ዓመታት የመራው ሜልቪን ብራግም ከርዕስ የወጣ እንግዳን ቶሎ መመለስ ይችልበት ነበር። የእኛ አወያዮች ይሉኝታ አለባቸው። እንግዳው አንድ ብቻ ሲሆን ችግር የለም፤ መዓዛ ብሩ በሸገር 102.1 በምታቀርበው «የጨዋታ እንግዳ» ላይ ተጋባዡ ከትውልድ መንደሩ ጀምሮ ይናገራል፣ የሚቀማው የለም። ነገር የሚመጣው ምሁራኑ ሦስት ሲሆኑ ነው። አወያዩ «ከየት እንጀምር?» ይላል። አንደኛው «ወደ ኋላ መለስ ብለን ካየነው» ብሎ አክሱም ይገባል። ሁለተኛው «እዚህ ላይ አንድ ነገር ለማከል ያህል» ብሎ ዛግዌን በሙሉ ያክላል። ሦስተኛው «እኔ ለየት ባለ መልኩ ነው የማየው» ይልና ሁለቱ ያሉትን ይደግማል። በመሐል የሰዓቱ ዜና፣ የባንክ ማስታወቂያ፣ የብረት በር ማስታወቂያ ይገባል። በመጨረሻ «ርዕሱ ሰፊ ስለሆነ ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን» ይባላል። እንግዲህ ከስቱዲዮ ሲወጣ ጀምሮ የተቆራረጠን ነገር «ሙሉውን ሰማሁት» የሚል ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ እሱ ነው የሚያውቀው።

መርካቶ ውስጥ ራዲዮ የጋራ ነው። በርበሬ በረንዳ ላይ ከጆንያው ክምር በላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንቴናው በሽቦ ተቀጥሏል፣ የድምፅ ማጉያው ቀዳዳ ሁሉ በቀይ ዱቄት ተሞልቷል፣ የድምፁ ቁልፍ ከወለቀ ስለቆየ በፒንሳ ይዞራል። የሚቀጥለው ሱቅ ያንኑ ጣቢያ ከፍቷል፤ ከዚያ ቀጥሎ ኳስ፣ ከዚያ መንዙማ፣ ከዚያ እንደገና ውይይቱ። ምናለሽ ተራ ሲገባ በርሜል ወደ ምድጃ፣ ቆርቆሮ ወደ ባልዲ የሚቀጠቀጥበት ስለሆነ ለተወሰነ ርቀት ታሪክ የለም። ሸክም ያለበት ሰው ደግሞ አይቆምም፤ ቢቆም ከኋላው ያለው ጋሪ ያስነሳዋል። ስለዚህ ከአንደኛው ምሁር ሃያ ቃል፣ ከሁለተኛው አሥር ቃል ይዞ ያልፋል። አንደኛው የጀመረውን ዓረፍተ ነገር በሚቀጥለው ሱቅ ሁለተኛው ይጨርስለታል፤ ይህን የመሰለ መግባባት ስቱዲዮ ውስጥ ታይቶ አይታወቅም።

የስልቱን ጥራት ለማሳየት የውጫሌ ውልን መውሰድ ይበቃል፤ የታሪክ ውይይት ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እሱ ላይ ነውና። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው። አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ከፈለጉ በጣልያን በኩል መላላክ እንዲችሉ ይፈቅዳል፤ በጣልያንኛው ግን ያስገድዳል። ጠቡ ያረፈው ማሰሪያ አንቀጹ ላይ ነው። አማርኛ ደግሞ ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ በርበሬ በረንዳ በበኩሉ የሚያስነጥስ ቦታ ነው። ምሁሩ አንቀጹን እያብራራ፣ እየጎተተ፣ «ንጉሠ ነገሥቱ በጣልያን መንግሥት በኩል መላላክ…» ካለ በኋላ ከጆንያው ወዲያ አንድ ሰው ያነጥሳል። ባለሱቁ «ይቻላቸዋል ነው ያለው» ይላል፤ ጎረቤቱ «የለም፣ ይገባቸዋል ነው» ይላል። ልብ ይበሉ፤ አንደኛው ሳያውቀው የምኒልክን፣ ሌላኛው የጣልያኑን ተደራዳሪ የኮንት አንቶኔሊን አቋም ይዟል። ሊቃውንቱ ከ130 ዓመት በላይ የደከሙበትን ክርክር መርካቶ በአንድ ማስነጠስ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል፤ ያውም ማንም ለጉዳዩ የትራንስፖርት አበል ሳይጠይቅ።

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የሚገኘው በዓመተ ምሕረት ላይ ነው። አገር ውስጥ የተማረው ምሁር በእኛ አቆጣጠር፣ ውጭ የተማረው በፈረንጅ አቆጣጠር ይናገራል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ያቀላቅላል፣ የትኛው እንደሆነ ለመግለጽም ጊዜ አይበቃውም። ዓድዋ በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888፣ በእነሱ 1896 ነው። የመጀመሪያውን በአንድ ሱቅ፣ ሁለተኛውን በሌላ ሱቅ የሰማ ተሸካሚ ጦርነቱ ስምንት ዓመት እንደፈጀ ሊረዳ ይችላል፤ ዋናው ውጊያ ግን የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ይህ ግድፈት መሆኑን አንክድም። አሁን ግን ውሉን በፈረንጅ፣ ጦርነቱን በእኛ አቆጣጠር እንደሰማ እናስብ። ውሉ 1889፣ ጦርነቱ 1888። ተሸካሚው መጀመሪያ ተዋጉ፣ በዓመቱ ተዋዋሉ ብሎ ይደመድማል። ቤቱ የተቀመጠው አድማጭ ይስቅበታል። ይሁን እንጂ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 1889 ላይ በእርግጥ ውል ተፈርሟል፦ የአዲስ አበባ ውል፤ ጣልያን የኢትዮጵያን ነፃነት ያለ ቅድመ ሁኔታ የተቀበለበት፣ ውጫሌ የተሻረበት። ሁለት ስሕተት የተሸከመው ሰው ምሁራኑ ያልነገሩት እውነት ላይ ደርሷል። ያልነገሩት ስለማያውቁት አይደለም፤ የራዲዮ ውይይት ዓድዋ ላይ ሲደርስ ፉከራ ይለቀቃል፣ ከፉከራው በኋላ ሰዓት አይተርፍም።

ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ እናውቃለን። ነው። ግን የአጋጣሚን ዋጋ የሚያቃልል ሰው የአክሱምን ታሪክ ምንጮች አላየም። በአፄ ካሌብ ዘመን የእስክንድርያው ኮስማስ አዱሊስ ወደብ ደረሰ። ነጋዴ ነበር፤ የታሪክ ትምህርት ክፍል አልነበረበትም። እዚያ አንድ የእብነ በረድ ዙፋንና ከጀርባው የቆመ የጥቁር ድንጋይ ሰሌዳ አገኘ፤ በሁለቱም ላይ የግሪክ ጽሑፍ ነበር። ገለበጣቸው። የሰሌዳው ጽሑፍ የግብፁ የ3ኛው በጥሊሞስ፣ የዙፋኑ ግን የአንድ የአክሱም ንጉሥ ሲሆን በመካከላቸው ከ400 ዓመት በላይ አለ። ኮስማስ አንዱ የሌላው ተከታይ መስሎት ቀጣጠላቸው። የአክሱሙ ንጉሥ ስም የሚገኝበት መጀመሪያው ክፍል ስላልተረፈ እስከ ዛሬ ማንነቱ ያከራክራል። ሰሌዳውም ዙፋኑም ጠፍተዋል፤ የቀረው ነጋዴው አሳስቶ ያገናኘው ግልባጭ ብቻ ነው። የዓለም ሊቃውንት በዚህ ግልባጭ ላይ ስንት መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ማዕረግም አግኝተዋል። ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ሲያልፍ ሁለት የማይገናኝ ነገር ያገናኘ ነጋዴ ምንጭ ከሆነ፣ ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ሲያልፍ ያንኑ ያደረገ ተሸካሚ መሳቂያ የሚሆንበት ሳይንሳዊ ምክንያት አልተገኘም። በነገራችን ላይ እንዱቢስን የመሰለ የአክሱም ንጉሥ የሚታወቀው ባስቀረጸው ሳንቲም ብቻ ነው፤ ዘመኑ በሙሉ ዝርዝር ብር ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው። ይህ በመርካቶ በኩል ምንም ግርታ አይፈጥርም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከስድስት ኪሎ የሚመጣ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ከተመሠረተ ጀምሮ በገነተ ልዑል ግቢ ብራናው፣ ደብዳቤው፣ መጽሐፉ ተሰብስቦ ሳለ እውቀትን ከበርበሬ መሐል መልቀም ምን ይሉታል? ይባላል። መልሳችን አክብሮት የተሞላበት ነው። ተመራማሪው እዚያ ሄዶ የሚያገኘውም ቅጠሉ የጎደለ ብራና፣ መልሱ እንጂ ጥያቄው ያልተገኘ ደብዳቤ ነው፤ ልዩነቱ ጸጥታው ነው። ሌላው ተቃውሞ ሙሉው ቅጂ ዩቲዩብ ላይ አለ የሚለው ነው። አለ። ሙሉው ቅጂ ግን አክሱም ላይ ጀምሮ ፉከራው ላይ የሚያበቃው ያው ውይይት ስለሆነ፣ ደግሞ ደጋግሞ የሰማው ሰው ስለ ጥቅምት 1889 የሚያውቀው ነገር አይጨምርም። መቶ ጊዜ ቢደገም አይመጣም፤ እዚያ ውስጥ የለማ። የሚገኘው ሁለቱ ሱቆች መካከል ነው።

ምሁራኑ አስቀድመው ተስማምተው በአንድ አቆጣጠር ቢናገሩስ የሚሉ ቅን ሰዎችም አሉ። ሐሳቡ ይደገፋል ቢባል ጉዳቱ ቀላል አይሆንም። ለምሳሌ ከዓድዋ ቀጥሎ የሚመጣው ርዕስ ማይጨው ነው። ማይጨው በእኛ መጋቢት 1928፣ በፈረንጅ 1936 ነው፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ የተመለሱት ደግሞ በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ በፈረንጅ 1941። ሽንፈቱን ከውጭው ምሁር፣ ድሉን ከአገር ውስጡ የሰማ ተሸካሚ አገሪቱ ከመሸነፏ ከሦስት ዓመት በፊት ነፃ እንደወጣች ይገነዘባል፤ ይህን ዜና ይዞ ሸማ ተራ ቢገባ የሚቃወመው አያገኝም። ከዚያ ውይይቱ ወደ ራሱ ወደ መርካቶ ይዞራል። ጣልያን ከተማዋን በዘር ከፍሎ፣ አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ይነግድ የነበረውን አበሻ ወደ ምዕራብ አንስቶ እዚህ ያሰፈረው ከ1936 በኋላ ነው ይላል አንደኛው ምሁር፤ ጣልያን ከአዲስ አበባ የተባረረው በ1933 ነው ይላል ሌላኛው። በዚህ ስሌት ጣልያን ገበያውን ያቋቋመው ከተማውን ለቆ ከሄደ በኋላ ስለሚሆን፣ ቦታውን ማን ለማን እንደሰጠ የሚጠየቅ ሰው የለም። ከክፍለ ከተማው ጋር የይዞታ ክርክር ያለበት ነጋዴ ካለ ይህን ውይይት ቁጭ ብሎ ሳይሆን እያለፈ እንዲያዳምጠው ይመከራል።