ስምንቱን መንገድ በቃላችሁ

እስቲ አንድ ሰው ይንገረኝ፤ የቡድሂዝም መግቢያ ኮርስ ወስዶ ቤተሰቡን ያላስደነገጠ ተማሪ አለ? የአዳማ፣ የመቂ፣ የባቱና የሻሸመኔ ልጆች ለበዓል ስንመለስ መናኸሪያ ላይ የምንለዋወጠው ወሬ ይኸው ነው። እኔን እናቴ ጸበል ይዛኝ ሄደች። የባቱዋን ልጅ አባቷ «ሃይማኖት ልትለውጪ ነው?» ብለው አኮረፏት። የጎረቤት ቡና ላይማ «ምን ሥራ ያስይዛል?» ይከተላል። በቡድሃ ስም የሚቀለደውን ቀልድ ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም፤ ደክሞኛል። ክሬዲት አዋር ጎድሎን የወሰድነው ኮርስ ነው በቃ!

ክፍሉም አያሳርፍም። ሃንድአውቱ የኮፒ ኮፒ በመሆኑ ከአራቱ የቡድሃ እውነቶች ሦስተኛው ደብዝዞ አይነበብም። መከራ ማብቂያ እንዳለው የሚናገረው ደግሞ እሱ ነበር። ፈተናው «የመከራ ምንጭ ምኞት ነው፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» ይላል። ወደዚያ ማብቂያ የሚያደርሰውን የስምንቱን መንገድ ቅደም ተከተል ያዛባ ነጥብ ይቆረጥበታል። ቴራቫዳና ማሃያና የሚባሉትን የቡድሂዝም ዘርፎች በግሩፕ አነጻጽሩ ተባልን፤ ቴራቫዳ የደረሰው ልጅ ስልኩን ዘግቶ ጠፋ። ከመካከላችን ዓለምን የናቀ እሱ ብቻ ነው።

«አሥር ደቂቃ በጽሞና ተቀምጣችሁ የተሰማችሁን ጻፉ» የሚል አሳይመንትም ነበር። በግንቦት፣ አዳማ ፍራንኮ ሰፈር፣ መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ቆሞ፣ ባጃጁ ሁሉ ክላክስ እያደረገ! የተሰማኝን ብጽፈው ኤፍ ነበር የማገኘው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ቡድሂዝምን ትናንት በአውሮፕላን የመጣ አስመስለው ማስተማራቸው ነው። የመን ተወልደው ደብረ ሊባኖስን በእጨጌነት የመሩት አባ እንባቆም፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ1553 እ.ኤ.አ. «በራላም ወይዋሴፍ»ን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መልሰውታል። ንጉሥ አባቱ ክፉ እንዳያይ ቤተ መንግሥት የዘጋበት ልዑል ይዋሴፍ፣ አንድ ቀን ወጥቶ በሽተኛና ሽማግሌ ያያል፤ ልቡ ይታወካል፤ ነጋዴ መስሎ የገባ መናኝ ያስተምረዋል። የታሪኩ ሥር የቡድሃ ሕይወት ነው። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ አገር አልፎ፣ በመንገድ ክርስትና ተነሥቶ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። እንግሊዛዊው ምሁር ባጅ እንኳ የግዕዙን በ1923 እ.ኤ.አ. ተርጉሞ አሳትሞታል። ሃንድአውቱ ላይ አንዲት አንቀጽ መጨመር ምን ያስወጣ ነበር? እናቴም ይዋሴፍን ቀድማ ብትሰማ ኖሮ የጸበሉን ጉዞ ትተወው ነበር።

መምህሩን ስጠይቅ «ፈተና ላይ አይመጣም» አለኝ።

ፋይናሉ ሰኞ ነው። ስላይዱ ቴሌግራም ላይ ገና አልተለቀቀም፤ ቢለቀቅም ዳታ የለኝም። ሦስተኛው እውነት የሚነበብበት ኮፒ ያለው ሰው ካለ ያውሰኝ።