የትንሽ ከተማ ዓመታዊ የበጀት ጉባኤ፦ አፈጻጸሙና ጥበቡ

ዓመታዊ የበጀት ጉባኤ የትንሽ ከተማ ምክር ቤት በሰኔ ማብቂያ ወይም በሐምሌ መግቢያ ተሰብስቦ አስቀድሞ የተወሰነውን የሚወስንበት መድረክ ነው። የአገሪቱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚያልቅ ጊዜው ምርጫ የለውም። ክረምቱ ገብቶ ጭቃው መንገዱን በዘጋበት ወቅት መዋሉም የራሱ ጥቅም አለው፤ ስለ መንገድ ሊጠይቅ ያሰበው ሰው በመንገዱ ምክንያት ይቀራል።

የጉባኤው ሕጋዊ መሠረት የሚያጠራጥር አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። ሥልጣኑ በዚሁ መሠረት ወርዷል፤ ገንዘቡ ግን እንደ ሥልጣኑ መውረድ አልለመደም። አብዛኛው ወረዳና ትንሽ ከተማ የሚተዳደረው ከክልሉ በቀመር ተሰልቶ በሚመጣ ድጎማ ነው፤ ከመደበኛው በጀት ትልቁን ድርሻ ደግሞ ደመወዝ ይወስደዋል። ስለዚህ አባላቱ የሚከራከሩበት ብር ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ባለቤት አግኝቷል። ይህም የጉባኤውን ሥራ እጅግ ያቀለዋል፤ የሚቀረው መቀመጥ፣ ማዳመጥና በተገቢው ቦታ ላይ ማጨብጨብ ነው።

የበጀት ሰነዱ ለአባላት የሚታደለው በዚያው ጠዋት፣ በአዳራሹ በር ላይ ነው። ቀደም ብሎ ቢሰጥ ይነበብ ነበር፤ ከተነበበም ጥያቄ ያስነሣ ነበር። ሰነዱ ለሁለት ሰው አንድ የሚደርስበት ዓመትም አለ፤ የፎቶ ኮፒ ቀለም የሚገዛበት በጀት ገና አልጸደቀማ። ከዚያ የዓመቱ ሪፖርት ይነበባል። ሪፖርቱ «አበረታች ውጤት የተመዘገበበት፣ አንዳንድ ውስንነቶች የታዩበት» ዓመት መሆኑን ያበሥራል። አፈጻጸሙ ከመቶ በመቶ ያለፈ ዘርፍም አይጠፋም፤ ብዙውን ጊዜ እርሱ ስብሰባ ማካሄድ ነው።

ከተማዋ ራሷ የምትሰበስበው ገቢ ሁለት ኪስ አለው። አንደኛው የማዘጋጃ ቤት ገቢ ሲሆን የሊዝ ክፍያ፣ የቄራ፣ የገበያ ቦታና ልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍያዎችን ያጠቃልላል። በዚሁ ኪስ ውስጥ ያለው ሽማግሌ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ነው። ደርግ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 ነዋሪው ለቦታው ኪራይ፣ ለቤቱ ደግሞ ግብር እንዲከፍል አደረገ። ደርግ ራሱ ወድቆ፣ የመንግሥት ሥርዓት ሲለወጥ ይህ አዋጅ ንቅንቅ አለማለቱ ከሌሎች ሕጎች ሁሉ የተሻለ ጣሪያና ግድግዳ እንደነበረው ያሳያል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ግን ግብሩን ወደ ዘመኑ ያቀርበዋል፤ ያረጀው ግምት በገበያ ዋጋ ይተካል። ቤቱ ያው የጭቃ ቤት፣ ኮርኒሱም ያው ማዳበሪያ ቢሆንም ባለቤቲቱ ዋጋዋ የናረ ንብረት ላይ እንደምትኖር ይነገራታል። መቼም የምሥራች ሁሉ አይጣፍጥም።

ሁለተኛው ኪስ የነጋዴው ግብር ነው፤ የጉባኤው ጥበብ በሙሉ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ተራ ሰው ግብር የሚሰላው ከገቢ ተነሥቶ ይመስለዋል። በትንሽ ከተማ ስሌቱ የሚጀምረው ከዕቅዱ ነው። ክልሉ ለዞን፣ ዞን ለከተማ፣ ከተማ ለቀበሌ የገቢ ዕቅድ ያወርዳል፤ ዕቅዱም ካለፈው ዓመት ዕቅድ ከፍ ማለት አለበት፤ ያለፈው ዓመት ዕቅድ ተሳክቶ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ቁጥሩ ወርዶ ወርዶ አንድ ሱቅ ደጃፍ ሲደርስ የሚቀረው ሥራ የባለ ሱቁን ገቢ ከቁጥሩ ጋር ማስማማት ነው። ሰውየው በእርግጥ ያን ያህል ሸጦ ከሆነ እሰየው፤ ካልሸጠ ደግሞ መሸጥ የነበረበት መሆኑ በቃለ ጉባኤ ይያዛል።

ይህ ዘዴ በአደባባይ የታየው በ2009 ዓ.ም. በተካሄደው የቀን ገቢ ግምት ነው። የሒሳብ መዝገብ የማይይዙ ነጋዴዎች ለመጨረሻ ጊዜ የተገመቱት በ2003 ዓ.ም. ስለነበር፣ በመካከል ያለው የስድስት ዓመት እድገት ሁሉ በአንድ ክረምት እንዲያዝ ተፈለገ። ኮሚቴዎች ተዋቅረው ሱቅ ለሱቅ ዞሩ። የገማቹ መሣሪያ ዐይን ነው። መደርደሪያውን ያያል፤ በሩ ላይ የተቆለለውን የለስላሳ ሳጥን ያያል፤ ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ተሽጧል፣ ሙሉ ከሆነ ሊሸጥ ነው። የገበያ ቀን ከመጣ ሱቁ ሰው ይበዛበታል፤ ይህ የዓመቱ ሁሉ መልክ ሆኖ ይመዘገባል። ዝናብ ባለበት ማክሰኞ ከመጣ ደግሞ ባለ ሱቁ ደንበኞቹን ደብቋል። ባለ ሱቋ ሻይ ብታቀርብለት ገቢዋ ደህና መሆኑን መሰከረች፤ ባታቀርብለትም የምትደብቀው ነገር አላት።

የዐይን ግምቱ ያስከተለው ውጤት ግን በሒሳብ የረቀቀ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነውን ነጋዴ ደረጃ «ሐ»፣ ከዚያ ጀምሮ 1,000,000 ብር ያልሞላውን ደረጃ «ለ» ብሎ መድቦት ነበር። በዓመት 300 የሥራ ቀን ቢታሰብ፣ በቀን 1,600 ብር ትሸጣለች የተባለች ባለ ሱቅ የዓመት ሽያጯ 480,000 ብር ሆኖ «ሐ» ላይ ትቀር ነበር። ገማቹ እጁን ትንሽ ዘርግቶ 1,700 ቢጽፍ 510,000 ይሞላና «ለ» ትሆን ነበር፤ መዝገብ መያዝ ግዴታዋ ይሆን ነበር ማለት ነው። የሻማ፣ የክብሪትና የሁለት ብር ከረሜላ ሽያጭ በየዕለቱ ተመዝግቦ፣ ደረሰኙ ተያይዞ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ ተከፍሎ ይቀርብ ነበር። አንድ መቶ ብር የእስክሪብቶ ስሕተት አንዲትን ሴት ከጉልት ጎረቤትነት ወደ ድርጅት ሥራ አስኪያጅነት ያሳድግ ነበር። በአገሪቱ ይህን ያህል ፈጣን የሥራ እድገት የሚሰጥ ሌላ መሥሪያ ቤት አልነበረም።

ነጋዴዎቹ እድገቱን በደስታ አልተቀበሉም። በሐምሌ 2009 ዓ.ም.፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ገና ሳይነሣ፣ እንደ አምቦና ወሊሶ ባሉ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ፤ አዲስ አበባም ቅሬታ ሰሚዎች በሰልፍ ተጨናነቁ። ግምትና ቁጣ በአገሪቱ የቆየ ዝምድና አላቸው፤ በ1960 ዓ.ም. የታወጀው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብርም ገማቾችን ወደ ማሳ ሲልክ በዚያው ዓመት የጎጃምን ገበሬ አሸፍቷል። ያኔ የተገመተው ያልታጨደ እህል ነው፤ በ2009 ያልተሸጠ ሳሙና። ከታሪክ የተወሰደ ትምህርት ካለ፣ ገማቹ ከማሳ ወደ ሱቅ መዛወሩ ነው።

ቅር ያለው ሰው አቤት የማለት መብቱ የተጠበቀ ነው። በፌደራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ቅሬታ በ21 ቀን ውስጥ ይቀርባል፤ በውሳኔው ያልረካ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ሲሄድ ደግሞ ከሚከራከርበት ታክስ 50 በመቶውን አስቀድሞ መክፈል አለበት። አመክንዮው የጠራ ነው፤ መክፈል አልችልም የሚል ሰው መክፈል አለመቻሉን ለማስረዳት ይከፍላል። ከፍሎ ከመጣማ መክፈል ይችላል። ያልከፈለ ደግሞ ክሊራንስ አያገኝም፣ ክሊራንስ የሌለው ንግድ ፈቃዱ አይታደስለትም፤ ፈቃዱ ያልታደሰለት አይነግድም፣ የማይነግድም ቅሬታ የለውም። የቅሬታ አቅራቢዎች ቁጥር ቀነሰ ተብሎ በሪፖርት የሚቀርበውም አንዳንዴ በዚህ መንገድ ነው።

በጉባኤው ላይ ይህ ሁሉ «የገቢ አሰባሰቡን የማዘመን ሥራ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ያልፋል። ቀጥሎ ለውይይት መድረኩ ክፍት ይሆናል፤ ጊዜ ስለሌለ ግን ሦስት ሰው ብቻ እንዲናገር ይፈቀዳል። አንደኛው በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ መንግሥትን አመስግነው፣ ከተማዋን መርቀው ይቀመጣሉ። ሁለተኛው ወጣት ነው፤ ተጀምሮ ስለቀረው ኮብልስቶን ይጠይቃል። ሦስተኛዋ ከኋላ የተቀመጡ እናት ናቸው፤ ቧንቧው ውኃ ካየ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይናገራሉ። ለአባት ጭብጨባ፣ ለወጣቱ «በቀጣይ በትኩረት ይሠራል»፣ ለእናት «እንደ ግብዓት ወስደነዋል» የሚል መልስ ይሰጣል። ግብር ተጭኖብናል የሚሉ ነጋዴዎች እጃቸውን ቢያወጡም አጀንዳው በጀት እንጂ ግብር እንዳልሆነ ይነገራቸዋል። በጀቱ ከምን እንደሚመጣ ማስታወስ ከአጀንዳ መውጣት ነው።

ወጪው ብዙ አያከራክርም። ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ የውሎ አበል፣ መስተንግዶና ጎማ መደበኛ በጀት ይባላሉ። ካፒታል በጀት ደግሞ ከተማዋ ዐይን የምትገልጥበት ነው፤ ከእርሱም የአስተዳደሩ ግቢ አጥርና የከተማዋ መግቢያ በር ይሠራሉ። በሩ ከሩቅ ያምራል፤ ከበሩ ወዲህ ያለው መንገድ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያል። ከዚያ አፈ ጉባኤው ድጋፍ፣ ተቃውሞና ድምፀ ተዓቅቦ ይጠይቃሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ለደንቡ ያህል የሚቀርቡ በመሆናቸው መልስ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ምሳ ደርሷል። በጀቱ በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል።

የጸደቀው በጀት ለአሥር ወር ያህል አይታይም። ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ የጠየቀውን ሁሉ «በጀት የለም» እያለ ይመልሳል፤ የመንገድ መብራት አምፖል እንኳ ቢሆን። ግንቦት ሲያልቅ በጀቱ ሞልቶ ይገኛል። ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ሰኔ 30 ተመላሽ ስለሚሆንና የመለሰ ከተማ በሚቀጥለው ዓመት «አቅም የለውም» ተብሎ እንዳይቀነስበት ስለሚሰጋ፣ ሰኔ የግዢ ወር ይሆናል። የቢሮ ወንበር በወንበር ላይ ይገዛል፤ አታሚው ለተበላሸበት ክፍል ቀለም በካርቶን ይመጣል፤ በዓመት ያልተሠለጠነ ባለሙያ በአንድ ሳምንት ውስጥ አዳማ ወይም ሐዋሳ ሆቴል ገብቶ ይሠለጥናል። ገንዘቡ ከነጋዴው ሲሰበሰብ በሳንቲም ይቆጠራል፤ ሰኔ ላይ ሲወጣ ግን በጥድፊያ ይበተናል። ይህ ልዩነት የአሠራር ጉድለት ተደርጎ የሚወሰድበት አጋጣሚ ቢኖርም ከጉባኤው በኋላ በመሆኑ አያስቸግርም።

ከሁሉ በኋላ ኦዲተር ይመጣል። የፌደራሉ ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርበው ሪፖርት ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ፣ ከበጀት በላይ ወጪና ሥራ ላይ ያልዋለ በጀትን ይዘረዝራል፤ ትንሿ ከተማም ከታላላቆቹ አትለይም። ከበጀት በላይ ማውጣትና በጀት አለመጠቀም በአንድ ጽሕፈት ቤት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ይህን ማስታረቅ የሚችለው የሰኔ ሒሳብ ብቻ ነው። ለኦዲት ግኝቱ በጽሑፍ መልስ ይሰጣል፤ መልሱም ጉድለቱ የተፈጠረው ባለሙያው የፋይናንስ መመሪያውን በሚገባ ባለማወቁ ነው ይላል። የማስተካከያ እርምጃ ሆኖ ለባለሙያዎቹ የአምስት ቀን ሥልጠና ይታቀዳል። የሥልጠናው የውሎ አበል፣ የነዳጅና የመስተንግዶ ወጪም «አቅም ግንባታ» በሚል ርዕስ ከሚቀጥለው ዓመት በጀት ጋር ተደምሮ ለምክር ቤቱ ይቀርባል።