የእትዬ አዲስ ስልክና የሰዓት ጉዳይ፦ በአንድ ናሙና ላይ የተደረገ ጥልቅ ጥናት

ለብዙ ዓመት ቁልፍ ያለው ስልክ የያዘ ሰው ስማርት ስልክ ቢሰጠው ምን ይሆናል? ጥያቄው ክብደቱን የሚመጥን ትኩረት አላገኘም። በየሰፈሩ ያሉ ጠቢባን ስለ ካሜራው፣ ስለ ሜሞሪውና ስለ ዋጋው ሲከራከሩ ያመሻሉ፤ ስለ ባለቤቱ የሚያነሳ የለም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት ተዘጋጅቷል።

ናሙናው አንድ ነው። መረጃ ሰጪዋ ለምስጢር ጥበቃ ሲባል «መረጃ ሰጪ 01» የሚል መለያ ተሰጥቷቸዋል፤ 02 የለም። የአጥኚው አክስት ናቸው፤ ከዚህ በኋላ እትዬ ይባላሉ። ዝምድናው በጥናቱ ገለልተኝነት ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። አጥኚው ግን በእትዬ ላይ እንዳሻው ጽፎ በሰላም ቡና መጠጣት የሚችል ሰው ስላልሆነ የተጻፈው ሁሉ እሳቸው እንዳሉት ነው።

ነባሩ ስልክ ኖኪያ 1100 ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ለገበያ የቀረበ፣ 86 ግራም የሚመዝን፣ አናቱ ላይ መብራት ያለው፣ በዓለም ዙሪያ ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ስልክ ነው። የስም ማውጫው የሚይዘው 50 ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ 51ኛው ሰው እንዲገባ አንዱ ዘመድ መውጣት ነበረበት። በዚህ ሥርዓት የወጡት ሰዎች ማንነት እስከ ዛሬ በቤተሰቡ ውስጥ በይፋ አይነገርም። አዲሱ ስልክ ሜሪላንድ ካለችው ልጃቸው በሰው እጅ የተላከ ነው። የስክሪኑ ላስቲክ አልተነሳም፤ ሊነሳ የታሰበም አይመስልም።

ስለ ባትሪው ባጭሩ፦ የኖኪያው 850 ሚሊአምፔር ሰዓት ሲሆን የአዲሱ 5000 ነው፤ ወደ ስድስት እጥፍ ይጠጋል። ኖኪያው ካልተነካ እስከ 400 ሰዓት እንደሚቆይ አምራቹ ጽፏል፤ አዲሱ በየምሽቱ ቻርጀር ይፈልጋል። ስድስት ቁጥር በኋላም ይመጣል። መደጋገሙ ምን ትርጉም እንዳለው ለሌሎች አጥኚዎች ተትቷል።

ጥሪ ሲመጣ ኖኪያው «ተጫኑኝ» ይላል፤ አዲሱ «ሳቡኝ» ይላል። እትዬ በጥፍራቸው ጠበቅ አድርገው ይጫኑታል። የዚህ ዓይነቱ ስክሪን የሚቆጥረው ግፊትን ሳይሆን ቆዳ ሲነካው የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ለውጥ በመሆኑ ጥፍርን አያውቅም፤ ሊጥ የነካ ጣትም ግራ ያጋባዋል። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ሲበቃው እትዬ ኖኪያውን አንስተው ለደወለው ሰው መልሰው ይደውላሉ።

ዋናው ግኝት ሰዓት ላይ ነው። ኖኪያው ሰዓቱን ያወቀው ከባለቤቱ ነው። እትዬ ጠዋት 2 ሰዓት ነው ካሉት 2 ሰዓት ነው፤ አይከራከርም፤ ሌላ ሰው አይጠይቅም። አዲሱ ስልክ የሚያምነው የኔትወርክ ማማውን ነው፤ በዚያው ጠዋት 8:00 ይላል፤ ልዩነቱ ያው ስድስት ነው። ዓመቱንም እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ያስቀድማል። «መንገድ ላይ ተበላሽቶ ይሆናል» የሚለው የእትዬ መላ ምት በወቅቱ ከቀረቡት ማብራሪያዎች ሁሉ የተሻለው ነበር። ለእሑድ ቅዳሴ በ11 ሰዓት እንዲቀሰቅሳቸው የልጅ ልጃቸው ሞላላቸው። ስልኩ በታማኝነት በ11:00 ጮኸ፤ ረፋዱ 5 ሰዓት፣ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ቡናው እየተቆላ።

ይታረም ተባለ። ልጁ ሰዓቱ በራሱ እንዳይስተካከል ከልክሎ 2:00 ብሎ ጻፈ። ጠንቃቃ ልጅ ስለሆነ ዓመቱንም 2018 አደረገው። ወቅቱ 2018 ዓ.ም. ስለነበር በእርምጃው ላይ እንከን ማውጣት አይቻልም። ስልኩ ግን ራሱን በፈረንጆቹ 2018 ውስጥ አገኘው። የቪዲዮ መደወያው የስልኩ ቀን ትክክል አይደለም ብሎ ቆመ፤ ድረ ገጾች አንከፈት አሉ። ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነው። ድረ ገጽ ሲከፈት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት የደኅንነት ምስክር ወረቀት ያቀርባል፤ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ለቀረ ስልክ ደግሞ ይህ ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ነው። አገር በሙሉ የሚኖርበትን ዓመት በመጻፍ ብቻ የቤት ዕቃ ሥራ ሲያቆም አጥኚው ሌላ ምሳሌ አላገኘም። ጳጉሜን የት እንደምትገባ አልተሞከረም፤ ስልኩ ያለው 12 ወር ብቻ ነው።

የእኛን ቀን መቁጠሪያ የሚያሳዩ አፖች መኖራቸው ለእትዬ ተነግሯቸዋል፤ አንዱ ተጭኖላቸውም አይተውታል። «ቀኑን ለማወቅ ጓዳ ድረስ ልግባ? ግንባሩ ላይ ለምን አይጽፈውም?» ብለዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስልኩ ወደ ማማው ሰዓት ከተመለሰ በኋላ የተያዘው የሜሪላንዱ ቀጠሮ ነው። ልጅቱ «እሑድ በናንተ 8 ሰዓት እደውላለሁ» አለች። እትዬ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ስልኩ የጮኸው ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ በራሱ አቆጣጠር 8:00 ላይ። ልጅቱ አላረፈደችም፤ ብዙ ዓመት ከኖረችበት አገር የሰዓት አቆጣጠር ጋር ተስማምታ ነው። ስልኩም በዚህ ክርክር የላከችውን ደግፎ ቆመ። እትዬ በቪዲዮው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሲወቅሷት ልጅቱ የእናቷን ጆሮ በቅርበት እያየች ይቅርታ ጠየቀች።

አዲሱ ስልክ ዛሬ የልጅ ፊት ለማየት ያገለግላል፤ ሰዓት የሚጠየቀው ኖኪያው ነው። ከውጭ ለወላጆቻችሁ ስልክ የምትልኩ ሁሉ፣ በአዲሱ ደውሉ፤ ቀጠሮ ስትይዙ ግን «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» ማለትን አትርሱ።